ወንበር ማዞር ማስተማር አይደለም

አራት ኪሎ ካለው የትምህርት ሚኒስቴር እስከ ስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በዚህች አጭር መንገድ ዙሪያ የአገሪቱ የትምህርት ፖሊሲ ይረቀቃል፣ የመምህራን አሠልጣኞች ይመረቃሉ፤ ከ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የሚያስተምረው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ከዚሁ ቅርብ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ከዚህ ሰፈር ወደ ክፍል የሚወርደው ምክር ስሙ ይለዋወጣል እንጂ ፍሬ ነገሩ ብዙም አልተለወጠም፤ መምህሩ ማስረዳቱን ይቀንስ፣ ተማሪው ራሱ ይፈልግ፣ ይወያይ፣ ያግኝ። «ተማሪ ተኮር» ተባለ፣ «አሳታፊ» ተባለ፣ «አንድ ለአምስት» ተባለ፣ አሁን ደግሞ «በፕሮጀክት መማር» እና «የ21ኛው ክፍለ ዘመን ክህሎት» ይባላል።

ሐሳቡ ከክፋት የመነጨ አይደለም። ልጅን ዝም አሰኝቶ ማስቀመጥና በአርጩሜ ማስፈራራት ለኖረበት ትምህርት ቤት ተገቢ ተግሣጽ ነበር። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ገና ምንም የማያውቅ ልጅ በመወያየት ብቻ ዕውቀት ላይ ይደርሳል ወይ? ማስረጃው «አይደርስም» ይላል፤ ይህን የሚያሳየው የውጭ አገር ጥናት ብቻ አይደለም፣ የራሳችን የክፍል ሰዓት ስሌትም ነው።

ስሌቱን እንሥራው። ፔሬዱ 40 ደቂቃ፣ ክፍሉ ውስጥ 60 ልጆች አሉ እንበል። ደብተር እስኪወጣና ስም እስኪጠራ 5 ደቂቃ ይሄዳል። ዴስኩ ከመቀመጫው ጋር የተበየደ ባለሦስት ሰው ስለሆነ ፊት ለፊት አዙሮ በ6 በ6 ለመቀመጥ ቢያንስ 4 ደቂቃ ያስፈልጋል። 10 ቡድን ሆነ። ለውይይት 10 ደቂቃ ይሰጥ። እስካሁን 19 ደቂቃ አልቋል። እያንዳንዱ ቡድን 2 ደቂቃ ብቻ ቢያቀርብ 20 ደቂቃ ይሆናል። ለመምህሩ የቀረችው 1 ደቂቃ ናት፤ በዚያች ደቂቃ የ10 ቡድን ስሕተት አርሞ፣ ትክክለኛውን አስረድቶ፣ የቤት ሥራ ሰጥቶ ይወጣል ማለት ነው። ከ60ዎቹ ልጆች ለክፍሉ የተናገሩት 10ሩ ናቸው፤ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውንም የሚያውቁት ናቸው። ሱፐርቫይዘሩ ግን በር ላይ ቆሞ ሲያይ ዴስኩ ዞሯል፣ ልጆቹ ያወራሉ፣ ፍሊፕ ቻርት ተለጥፏል። ቅጹ ላይ «አሳታፊ ዘዴ ተጠቅሟል» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ይደረጋል።

አብዛኛው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። የዴስክ አቀማመጥ በአምስት ደቂቃ ይታያል፣ መማር ግን አይታይም። ስለዚህ የሚታየው ነገር የማይታየውን ተክቶ ይለካል፣ የሚለካውም ነገር ይባዛል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የሆነው ደግሞ ሊረሳ አይገባውም። የመምህራን ትምህርት ሥርዓት «ቴሶ» በተባለው ማሻሻያ ሲከለስ መምህራን በአሳታፊ ዘዴ እንዲሠለጥኑ ተደረገ። በዚያው ሰሞን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባ፤ በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት የፔሬዱን አብዛኛውን ጊዜ ይወስድና ለመምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀርለታል። ሁለቱ ለውጦች እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ፤ አንዱ ተማሪው ይናገር ይላል፣ ሌላው ቴሌቪዥኑ ይናገር ይላል። የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ ፊት ለፊት ቆሞ ያለው መምህር እንዳያስረዳ። ፕላዝማው የከሸፈበት ምክንያት መብራት መጥፋቱ ብቻ አልነበረም። የእንግሊዝኛው ፍጥነት ከተማሪው አቅም በላይ ነበር፤ «አልገባኝም» ሲባል አይቆምም፣ አይደግምም፤ ልምምድ ሲሰጥም ከ60 ልጅ ስንቱ እንደጨረሰ ሳያይ መልሱን ይናገራል። መምህር ሥራውን የሚሠራው ግን ልጁ ሲደናገር አይቶ ወደኋላ በመመለስ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ ለሚል ሥሩ ሩቅ ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ልጅ በተፈጥሮው ካልተነካ ራሱ ይማራል የሚለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከእነ ፈላስፋው ሩሶ ጋር ይነሣል። አሜሪካዊው ዊልያም ኪልፓትሪክ በ1918 «የፕሮጀክት ዘዴ» የሚለውን አስፋፋ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጀሮም ብሩነር በ1961 በማግኘት መማርን፣ ማለትም ተማሪው ራሱ ደርሶበት መማርን፣ አወደሰ። ብዙ ጊዜ የዚህ ሁሉ አባት ተደርጎ የሚጠራው አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ደዊ ራሱ በ1938 ተከታዮቹን ገሥጿል፤ ልምድ ሁሉ ያስተምራል ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ ልምድ መማርን ያበላሻል ብሎ። ይህ ማስጠንቀቂያ ወደ ሥልጠና ክፍሎቻችን ሲደርስ አይሰማም።

በትልቅ ደረጃ የተካሄደው ፈተና በ1968 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው «ፕሮጀክት ፎሎው ስሩ» ነው። የድሃ ቤተሰብ ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች የተለያዩ ሞዴሎች ለዓመታት ተወዳደሩ፤ በ1977 ውጤቱ ሲወጣ በንባብ፣ በቋንቋና በሒሳብ ከሌሎቹ ልቆ የተገኘው የእነ ዚግፍሪድ ኤንግልማን ቀጥተኛ ማስተማር ነበር። ትምህርቱ በትንንሽ እርምጃ ይከፈላል፣ መምህሩ ያሳያል፣ ልጆቹ በአንድነት ይመልሳሉ፣ ስሕተት እዚያው ይታረማል። ልጆቹ ስለራሳቸው ያላቸው ግምትም አልወረደም፤ «ለልጁ ስሜት» ተብለው ከተቀረጹት ሞዴሎች አንዳንዶቹን በልጧል። ግምገማውን የተቹ ምሁራን እንደነበሩ፣ በአንድ ሞዴል ሥር ባሉ ቦታዎች መካከልም ሰፊ ልዩነት እንደታየ መናገር ያስፈልጋል። የሆነው ሆኖ ያሸነፈው ዘዴ ተስፋፍቶ የተሸነፉት አልቀሩም፤ የተሸነፉት በአዲስ ስም ተመለሱ።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከአፓርታይድ በኋላ የመጣው ሥርዓተ ትምህርት ይዘቱን አሳንሶ «ውጤት» ላይ አተኮረ፤ መምህሩ «አመቻች» ተባለ፣ የትምህርት ቁሳቁሱንም ራሱ እንዲያዘጋጅ ተጠበቀ። በ1998 ሥራ ላይ ዋለ፣ በ2000 ተከለሰ፣ በ2010 በይፋ ተሰናበተ። ቤተ መጻሕፍት፣ የተማረ ወላጅና ጥሩ መምህር ያላቸው ሀብታም ትምህርት ቤቶች ጉድለቱን ራሳቸው ሞሉት። የጎደለበት ድሃው ልጅ ነው። አዲስ አበባም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ ቤቱ ኢንተርኔትና አስጠኚ ያለው ልጅ «ፕሮጀክቱን» ይዞ ይመጣል፤ የሌለው ካርቶንና ሙጫ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ይኸም ከተገዛለት ነው።

አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይህን ሁሉ ግልጽ ያደርገዋል። ሰው በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያስብበት የሚችለው አዲስ ነገር ጥቂት ነው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኔልሰን ካዋን በ2001 ወደ አራት ገደማ ገምቶታል። አስቀድሞ በማስታወስ ውስጥ የተቀመጠ ዕውቀት ግን ቦታ አያጣብብም። የማባዛት ሠንጠረዥን በቃሉ የያዘ ልጅ ክፍልፋይ ሲደምር አእምሮው ነፃ ነው፤ ያልያዘው 3 ጊዜ 4ን በጣቱ ሲቆጥር የጀመረውን ጥያቄ ይረሳዋል። «መሸምደድ ቀርቶ ማሰብ ይቅደም» የሚለው መፈክር ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚታሰበው በተያዘው ነገር ነው።

የ5ኛ ክፍል ጥያቄ እንውሰድ፤ 2/3 + 1/4። ስድስት ልጆች «ተወያይታችሁ ዘዴውን አግኙ» ቢባሉ የሚያገኙት በብዛት 3/7 ነው፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ይደምራሉ። ስሕተቱ ከስንፍና አይደለም፣ ከሚያውቁት ሙሉ ቁጥር ደንብ የመጣ ነው። ቡድኑ ውስጥ ደፈር ያለው ልጅ 3/7 ካለ አምስቱ ይገለብጡታል፤ አሁን አንድ ስሕተት ስድስት ሆነ።

የተሻለው መንገድ እንዲህ ነው። መምህሩ መጀመሪያ የጋራ ታህት 12 የሆነበትን ምክንያት በሥዕል ያሳያል፤ 2/3 = 8/12፣ 1/4 = 3/12፣ ድምሩ 11/12 ይሆናል። እያንዳንዱን እርምጃ ሲጽፍ ለምን እንደሆነ በአፉ ይናገራል። ሁለተኛ ምሳሌ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ የመጨረሻ እርምጃቸው ብቻ ባዶ ሆኖ ይሰጣል፤ ከዚያ ሁለት ጥያቄ የመጨረሻ ሁለት እርምጃቸው ባዶ ሆኖ ይሰጣል፤ በመጨረሻ ከአራት እስከ ስድስት ጥያቄ ልጆቹ ብቻቸውን ይሠራሉ። 3/7 እንዲሁ መታለፍ የለበትም፤ መምህሩ ራሱ ሰሌዳው ላይ ጽፎ «3/7 ከ2/3 ያንሳል፤ ጨምረንበት እንዴት አነሰ?» ብሎ ይጠይቅ። እዚህ ላይ ውይይት ዋጋ አለው፣ ልጆቹ የሚወያዩበት ነገር አግኝተዋልና። ጆን ስዌለርና ግራሃም ኩፐር በ1985 በአልጀብራ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ የተሠሩ ምሳሌዎችን ያጠኑ ተማሪዎች ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ራሳቸው ሲታገሉ ከቆዩት ይልቅ ፈጥነውና ስሕተት ቀንሰው ሠርተዋል።

ከ60 ልጅ ስንቱ እንደገባው ለማወቅ «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። ሦስት አማራጭ መልስ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ልጆቹ በአንድ ምልክት 1፣ 2 ወይም 3 ጣት ደረታቸው ላይ ቢያሳዩ በአሥር ሰከንድ ይታወቃል። ጣት ከፍ ብሎ ከተነሣ ይገለባበጣሉ፤ ለዚህ ነው ደረት ላይ የሚሆነው። ባራክ ሮዘንሻይን ጥሩ መምህራን ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሲያጠናቅር በልምምድ ጊዜ 80 ከመቶ ገደማ ትክክል መሆንን ጥሩ መለኪያ አድርጎታል፤ በ60 ልጅ ክፍል 48 ልጅ ማለት ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ምሳሌው ይመለሳል።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ቀጥተኛ ማስተማር ማለት ሰሌዳ ሙሉ ኖት ጽፎ ማስገልበጥ አይደለም። 25 ደቂቃ የሚገለብጥ ልጅ እጁ እንጂ አእምሮው አይሠራም፤ ፊደል እየቀረጸ ሐሳቡ ያልፈዋል። የኖት ክፍለ ጊዜም እንደ ቡድን ሥራው ሁሉ የማስረዳትና የመለማመድ ጊዜን ይበላል። ብዙ መምህራን ከሥልጠና ሲመለሱ «አሳታፊውን» በጎብኚ ቀን ብቻ ያሳዩና በቀሩት ቀናት ወደ ማስገልበጥ ይመለሳሉ፤ መሐል ያለውን፣ ማስረዳትንና ማለማመድን፣ ያሳያቸው የለምና።

የቆየው የፊደል ቤት ሥርዓት ዘመናዊው የረሳውን ያውቅ ነበር። ልጁ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ ሲዘምር ፊደሉን ያወቀ ይመስላል፤ በእውነት የያዘው ግን ዜማውን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ቀጥሎ አቡጊዳ የመጣው፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ቅደም ተከተሉ ሲፈርስ ያልለየው ልጅ ይጋለጣል። ከዚያ በግዕዝ፣ በውርድ፣ በቁም ንባብ ደረጃዎች እያለ ይወጣል። ዱላው ይቅር፣ ትርጉሙን ሳያውቁ ማንበቡም ይቅር፤ የእርምጃው አሠራር ግን ሊቀር አይገባም ነበር። ከ33ቱ ፊደል በሰባት ቤት 231 ምልክት መለየት በአጋጣሚ የሚገኝ ነገር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች በቡድን ተቀምጠው «ምንባቡን ተወያዩበት» ሲባሉ የሚያደርጉትን መገመት አይከብድም፤ ሥዕሉን አይተው ይገምታሉ።

ፈጠራን በተመለከተም ቅኔ ቤት ጥሩ መልስ አለው። የቅኔ ተማሪ የሚፈጥረው ሰው ነው፤ ያልተነገረ ቅኔ ይዞ ለመምህሩ ይቀርባል። ነገር ግን የሚጀምረው ከግሥና ከአገባብ ነው፣ ቅኔ የሚቆጥረውም (በቃሉ የሚያሰናዳውም) የሌሎችን ቅኔ ሰምቶ ነው፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይነሣና ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ቀስ እያለ ይወጣል። መጀመሪያ ቀን መወድስ ፍጠር የሚለው መምህር የለም። ዕውቀቱ ሲደላደል መሪው እጁን ይለቃል፤ ዘመናዊ ጥናትም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ ለጀማሪ የጠቀመው ዝርዝር መመሪያ ለበሰለ ተማሪ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ ጎበዝ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ተማሪ ራሱን የቻለ ምርምር ቢሰጠው ይገባል፤ ለ4ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ያው ፕሮጀክት የወላጅ የቤት ሥራ ነው።

ከሥልጠና አዳራሽ የሚወጡ ሁለት ነገሮች በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ። አንዱ «ካነበብነው 10 ከመቶ፣ ከሰማነው 20 ከመቶ፣ ካደረግነው 90 ከመቶ እናስታውሳለን» የሚለው ፒራሚድ ነው። ኤድጋር ዴል በ1946 የሠራው ሥዕል ቁጥር አልነበረውም፤ ቁጥሮቹ በኋላ የተለጠፉ ናቸው፣ ከጀርባቸውም ጥናት የለም። ሌላው ልጅ በዓይኑ፣ በጆሮው ወይም በእጁ የሚማር ተብሎ ይመደብ የሚለው ነው። ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ በ2008 ማስረጃውን መርምረው ለዚህ ምደባ በቂ መሠረት አላገኙም። ቦታውን ለሚረባ ነገር ማዋል ይሻላል።

ለምሳሌ ለዚህ፦ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 ተማሪዎችን ሁለት ምንባብ አስነብበው አንዱን ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌላውን ሳያዩ እንዲጽፉት አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሁለቴ የተነበበው በይበልጥ ታወሰ፤ 81 ለ75 ከመቶ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ሳይታይ የተጻፈው 56፣ ሁለቴ የተነበበው 42። ይህ ለክፍል የሚሰጠው ትእዛዝ ቀላል ነው፤ ፔሬዱ ሲጀመር ደብተር ተዘግቶ ሦስት ጥያቄ፣ አንዱ ከትናንት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር። 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ማርክ አይያዝበትም፤ ከተያዘበት መኮራረጅ ይጀመራል፣ ጥቅሙም ያበቃል።

ተከታታይ ምዘና የተበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው። 5 ክፍል የያዘ፣ በየክፍሉ 55 ተማሪ ያለው መምህር 275 ወረቀት አለበት። አንዱን በ3 ደቂቃ ቢያርም 825 ደቂቃ፣ ወደ 14 ሰዓት ይሆናል። ይህን በየሳምንቱ ማድረግ ስለማይቻል ማርኩ ለደብተር ንጽሕና፣ ለመገኘት፣ ለቡድን ሥራ ይታደላል፤ ስድስቱም ልጆች እኩል 10 ከ10 ያገኛሉ። ወላጅ 85 ያያል፣ ልጁ ብሔራዊ ፈተና ላይ ሲቀመጥ ሌላ ነገር ይወጣል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ከመቶ ነበሩ። ጦርነት፣ ኮቪድና የመጽሐፍ እጥረት ድርሻ አላቸው፤ ሁሉን በማስተማሪያ ዘዴ ላይ መጫን ሐሰት ይሆናል። ይሁንና ለዓመታት ያ ሁሉ ማርክ ምንን ይለካ እንደነበር መጠየቅ ግድ ነው። ለመምህሩ የሚቻለው ፔሬዱ ሊያልቅ ሲል ሁለት ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ማስመለስና ሳያርሙ በሦስት መደብ መለየት ነው፤ የገባው፣ በከፊል የገባው፣ ያልገባው። አንዱን በ15 ሰከንድ ቢለይ 55ቱ በ14 ደቂቃ ያልቃሉ፣ የነገው ትምህርት ከየት እንደሚጀምርም ይታወቃል።

በመሐል ከተማ የግል ትምህርት ቤት ለሚመርጥ ወላጅ ደግሞ «ሞንቴሶሪ» የሚለው ታፔላ ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ስሙን ማንም ሊለጥፈው ይችላል። እውነተኛው ዘዴ እንደሚታሰበው ልቅ አይደለም። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች በአንድ ክፍል ይቀላቀላሉ፣ ጠዋት ሳይቋረጥ ወደ 3 ሰዓት ይሠራሉ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ለአንድ ዓላማ የተቀረጸና ስሕተትን ራሱ የሚያሳይ ነው፣ መምህርቷም አጠቃቀሙን በዝርዝር ታሳያለች። የቀለም ግድግዳና መጫወቻ ብቻ ካለ፣ የሚከፈለው ለስሙ ነው።

አዲስ ዘዴ ለምን ይመላለሳል? ፕሮጀክት በጀት አለው፣ ሥልጠና አበል አለው፣ አዲስ ኃላፊ አዲስ ስም ይፈልጋል። ከዚህ በላይ ግን ዘዴው ራሱ ሊሸነፍ እንዳይችል ሆኖ መቀረጹ ነው፤ ሲሳካ ዘዴው ጥሩ ነው፣ ሲከሽፍ «መምህሩ በአግባቡ አልተገበረውም»። ሚሼል ሽዋይስፈርት በ2011 በታዳጊ አገሮች ተማሪ ተኮር ትምህርት ላይ የተጻፉ 72 ጽሑፎችን ስትመረምር ያገኘችው በትልልቅና በትንንሽ ክሽፈት የተሞላ ታሪክ ነው። ይህ ሁሉ አገር ውስጥ ያለ መምህር ሁሉ ሰነፍ ሊሆን አይችልም። በተቃራኒው ኬንያ ከ2015 ጀምሮ «ቱሶሜ» በተባለው ፕሮግራም ለልጅ ሁሉ መጽሐፍ፣ ለመምህሩ የየዕለቱን ትምህርት በዝርዝር የያዘ መምሪያ፣ ለትምህርት ቤቱም ክፍል ገብቶ የሚያግዝ አሠልጣኝ ሰጥታ የንባብ ውጤቷን በአገር ደረጃ አሻሽላለች። የሚያስደንቅ አዲስ ፍልስፍና አልነበረውም።

ርእሰ መምህር ሥልጠና ተሰጥቶት «ከሰኞ ጀምሮ ተግብሩ» ሲባል ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። 4 የ6ኛ ክፍል ሴክሽን ካለው በ2ቱ አዲሱን ይሞክር፣ 2ቱን በነበሩበት ይተው፤ ጎበዝ መምህር የያዛቸውን ሁለት ክፍሎች ለአንድ ወገን እንዳይሰጥ ይጠንቀቅ። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት 20 ጥያቄ ያለው ፈተና ተዘጋጅቶ ይቆለፍ፤ ካዘጋጁት በኋላ እንዳይቀየር። ለአራቱም ክፍል አስቀድሞ ይሰጥ፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ይሰጥ፣ ከ6 ሳምንት በኋላ ሳይነገር ይሰጥ። እርማቱን የክፍሉ መምህር ያልሆነ ሰው ይሥራ፣ ወረቀቱ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይኑር። አማካዩን ብቻ አይመልከት፤ ከታች ያሉት 15 ልጆች ምን ሆኑ የሚለውን ለብቻው ያውጣ፣ ዘዴዎች ብዙ ጊዜ የሚደበቁት በጎበዞቹ ውጤት ሥር ነውና። ልዩነት ካልታየ ወይም የታችኞቹ ካነሱ ዘዴው እንደሚቆም፣ ማን እንደሚያስቆመውም ጭምር፣ ከመጀመሩ በፊት በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይፈረም። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ከዴስኩ አቀማመጥ በፊት ይህ ቃለ ጉባኤና ሦስቱ ውጤቶች ይቅረቡለት።